የአዝማሪን ኑሮ በኢኮኖሚክስና በዓለም አቀፍ ፖለቲካ ዓይን ማጥናት ይቻላል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በወሎ አዝማሪዎች ገቢ ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ፤ ሆኖም ርእሱ ኪነ ጥበብን፣ ኢኮኖሚክስንና ዓለም አቀፍ ግንኙነትን ስለሚነካ አማካሪዬ «የትኛው ትምህርት ክፍል ይገመግመዋል?» ብለውኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ የኢኮኖሚክስ ምሁራኑ ባውሞልና ቦወን ስለ ኪነ ጥበብ ኢኮኖሚ እ.ኤ.አ. በ1966 ካሳተሙት ጥናት ይጀምሩ። የጨርቅ ፋብሪካ በአዲስ ማሽን ምርቱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል፤ አምባሰልን በማሲንቆ የሚጫወት ሰው ግን ዛሬም የሚፈጅበት ጊዜ ያው ስለሆነ፣ በሌላው ዘርፍ ደመወዝ ባደገ ቁጥር የእርሱ ሥራ በአንጻሩ እየተወደደ ይሄዳል። እርግጥ እነርሱ ያጠኑት የቲያትርና የኦርኬስትራ ተቋማትን እንጂ በሽልማት የሚያድር አዝማሪን አይደለም፤ የእርስዎ አዲስ ነገር እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መልስ (ወልዲያ)፦ ለፖለቲካው፣ አሜሪካ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የጃዝ ሙዚቀኞችን ወደ ውጭ እየላከች ወዳጅ ታፈራ እንደነበር ይመልከቱ፤ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ፤ ደብተር ይዤ ሽልማቱን ስቆጥር አዝማሪው በግጥም እንዳይወጋኝ ብቻ እፈራለሁ።