የድሮ የመኪና ቴፕ ላይ ስልክ ማገናኘት፤ ቀጭ እያለ ይጠፋብኛል

ባለቴፗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የአባቴ ነው። ቴፑም ከመኪናው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሲዲ የለውም፣ ገመድ መሰኪያ ቀዳዳ የለውም፤ ሬዲዮና ካሴት፣ አለቀ። አውጥቼ በአዲስ መቀየር አልፈልግም። ማታ መብራት ሳበራ የቴፑ ቁልፎችና ዳሽቦርዱ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። አዲሶቹ ደግሞ እንደ ጭፈራ ቤት ያብለጨልጫሉ።

እስካሁን ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ ላይተሩ ላይ የሚሰካውን ኤፍኤም ማስተላለፊያ። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ድረስ ፈልጌ ባዶ ቦታ እይዛለሁ፤ ትንሽ እንደነዳሁ ሌላ ጣቢያ መጥቶ ይጋፋኛል። ዘፈኑ መሃል አንድ ሰውዬ ዜና ማንበብ ይጀምራል። ተውኩት።

ቀጥሎ ያንን ካሴት የሚመስለውን ባለገመድ አዳፕተር ገዛሁ። አሥር ሰከንድ ያህል ደህና ይጫወታል። ከዚያ ቀጭ! ድምፁ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ቀጭ! ይመለሳል። ቴፑ ካሴት ሲያልቅ በራሱ የሚገለብጠው ዓይነት ነው፣ ኦቶ ሪቨርስ የሚሉት።

ሦስተኛው ላይ እንዳትስቁ። ቴፑን ፈታሁት። ካሴቱን ከሚያነበው ሄድ የሚወጡትን ቀጫጭን ሽቦዎች አገኘሁና የስልክ ገመድ በየድኩባቸው። ድምፅማ መጣ። ግን ስልኩን መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርጌውም ይሰነጣጠቃል፤ ቤዙ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጮህ ሰው ይመስላል። ቴፑን አበላሸሁት ወይስ ቦታውን ነው የሳትኩት?

ፈጣን መልስ፦

ወንድሜ ምን አደከመህ? አዲስ ግዛና ተገላገል። ብሉቱዝ አለው፣ ዩኤስቢ አለው፣ ስልክም ታወራበታለህ።

ባለቴፗ፦

እህትህ ነኝ። አልቀይርም ያልኩት ደግሞ ገና ከላይ ነው 🙂

የሶልደር ጭስ፦

እህቴ አይዞሽ፣ አላበላሸሽውም። ቦታውን ነው የሳትሽው፤ እኔም በመጀመሪያ ጊዜ እዚያው ነበር የበየድኩት።

ከሄዱ የሚወጣው ሲግናል አንድ ሚሊቮልት እንኳ አይሞላም። ስልክሽ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ያወጣል። ሹክሹክታ ለመስማት የተቀመጠ ሰው ጆሮ ላይ ጮኽሽበት ማለት ነው። የቤዙም ነገር ከዚያው ነው። ሄድ ወፍራሙን ድምፅ አድክሞ፣ ቀጭኑን አጉልቶ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ፕሪአምፕ (ደካማውን ሲግናል የሚያጎላው ክፍል) ወፍራሙን ለይቶ ከፍ ያደርገዋል። የስልክሽ ድምፅ ግን ተስተካክሎ ያለቀ ነው፤ ፕሪአምፑ ያንን ሳያውቅ በላዩ ላይ ቤዝ ይጨምርበታል። ብርድ ልብሱ ያ ነው።

አሁን ወደ አዳፕተሩ። አትጣይው። ውስጡ ሪባን የለም፤ ያለው ትንሽዬ ሄድና ማርሾች ናቸው። ሄዱ ከቴፑ ሄድ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ድምፁም በማግኔት ይሻገራል። ቴፑ ደግሞ ካሴት ማለቁን የሚያውቀው ሪባን የሚጠመጠምበት መዘውር መዞር ሲያቆም ነው። የአንቺ አዳፕተር ማርሹ ስለሚይዘው ቴፑ «አለቀ» ብሎ ይገለብጣል። ሲገለብጥ የሚያነበው የካሴቱን ሌላኛውን ወገን ነው፣ እዚያ ጋ ደግሞ የአዳፕተሩ ሄድ አይደርስም። ስለዚህ ዝም ይላል። ብሎኖቹን ፍቺና ሁለቱን መዘውሮች የሚያያይዘውን መካከለኛ ማርሽ ብቻ አውጪው። እያንዳንዱ መዘውር ለብቻው እንደ ልቡ ይዙር። መንጫጫቱም ይቀንሳል።

ቴፑ ዶልቢ የሚል ቁልፍ ካለው አጥፊው። ዶልቢ የካሴትን ሹሹታ መቀነሻ ነው፤ የተሠራውም በዶልቢ ለተቀዳ ካሴት ነው። ስልክ ላይ ሲበራ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ብዙ ሰው አዳፕተሩን የሚያማው ይቺን ቁልፍ ሳያይ ነው።

በሽቦ ካልሆነ አልረካም ካልሽ መግቢያሽ ከፕሪአምፑ በኋላ፣ ከቮሊዩሙ በፊት ነው። የቮሊዩሙ ማዞሪያ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይስ ዝም ብሎ ይሽከረከራል?

ባለቴፗ፦

ይቆማል። ከጀርባው ስድስት እግር አለው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ረድፍ።

የሶልደር ጭስ፦

ዕድለኛ ነሽ። ዝም ብሎ የሚሽከረከር ቢሆን ኖሮ ቮሊዩሙን የሚያዘው ቺፕ ነው፤ ቁጥሩን አንብቦ የእግሮቹን ሥዕል መፈለግ ግድ ነበር።

አንዱ ረድፍ ግራ፣ ሌላው ቀኝ ነው። መሃለኛው እግር መውጫ ነው፣ አትንኪው። ከዳርና ዳር ካሉት አንዱ ከቴፑ ቆርቆሮ ጋር ይገናኛል፤ ቴፑ ጠፍቶ በቴስተር ለኪው፣ ይጮህልሻል። እሱ ግራውንድ (የኔጋቲቩ መስመር) ነው። የቀረው ዳር የምትፈልጊው መግቢያ ነው። ወደ እሱ የሚመጣውን መስመር ቆርጠሽ በባለ 5 እግር ጃክ (የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ) ውስጥ አሳልፊው፣ ገመድ ሲሰካ የውስጡን ግንኙነት በሚቆርጠው ዓይነት። ስልክ ስትሰኪ ስልኩ ይሰማል፣ ስትነቅይ ቴፑ እንደ ድሮው ነው። ከጃኩ በኋላ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቢ። ቴፑ ውስጥ ያለው ቋሚ ቮልት ወደ ስልክሽ እንዳይመለስ ነው።

ሁለት ነገር እንዳትረሺ። አንዳንድ ቴፕ ባትሪ ሲነቀል ተቆልፎ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ከሌለሽ ከመንቀልሽ በፊት ፈልጊው። ሌላው፣ የስፒከሩን ኔጋቲቭ ከመኪናው ቦዲ ጋር አታገናኚ። በብዙ የመኪና ቴፖች ላይ እሱ ግራውንድ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩን ልታቃጥይው ትችያለሽ።

ካሴት ሰብሳቢ፦

እግረ መንገድሽን ቁልፎቹ ላይ «ሲዲ ቻንጀር» (ብዙ ሲዲ የሚይዝ ለብቻው ያለ ማጫወቻ) የሚል ጽሑፍ ካለ እዪ። ካለ ከጀርባው የተዘጋጀ የድምፅ መግቢያ ሊኖር ይችላል፣ መቁረጥም መበየድም አያስፈልግሽም። ከተከፈተ ዘንድ ደግሞ ሄዱንና ሪባኑን የሚጎትተውን የጎማ ተሽከርካሪ ጥረጊያቸው፤ ጥጥና አልኮል ይበቃል።

ባለቴፗ፦

ሲዲ ቻንጀር የሚል የለውም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስሠራ ዋልኩ።

አዳፕተሩን ፈታሁት። መካከለኛው ማርሽ ሁለት ጥርሱ ተሰብሮ አንዱ ስባሪ ከጎን ተወትፎ ነበር። አወጣሁት። መገልበጡ ቆመ! በዚያው ልተወው ይገባ ነበር፤ እጄ አላረፈም። ጎማውን ልጠርግ ስል ደግሞ ቡናማ ሪባን እንደ ክር ተጠምጥሞበት አገኘሁ። በወረንጦ ሳወጣው ክንዴን ያክላል። አባቴ «ይሄ ቴፕ ዘፋኙን ያስለቅሰዋል» ይል የነበረው ለካ ለዚህ ነው።

ጃኩንም ገጠምኩት፣ በሲጋራ መተርኮሻው ጎን። ስልኩ እንዲሰማ ቴፑ መከፈት ብቻ ነው ያለበት፤ ካሴት ባይገባለትም፣ ሬዲዮው ላይ ቢሆንም ስልኩ ይሰማል። 

ድምፁ እንዴት እንዳማረ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ሞተር ሳስነሳ ያፏጫል። ነዳጅ ስሰጠው ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ስለቀው ይወፍራል።

የሶልደር ጭስ፦

ስልኩ ቻርጀር ላይ ነው?

ባለቴፗ፦

አዎ፣ ላይተሩ ላይ።

የሶልደር ጭስ፦

ንቀይውና ስሚ።

ባለቴፗ፦

ጠፋ!!

የሶልደር ጭስ፦

የዲናሞ ፉጨት ነው። ስልክሽ ኔጋቲቩን በሁለት መንገድ እያገኘ ነው፣ በቻርጀሩም በድምፅ ገመዱም። ዲናሞው ሲሠራ በሁለቱ መካከል ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጠርና በድምፅ ገመዱ ይሾልካል። ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፣ ድምፅ ገመዱ መሃል ይገባል። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ናቸው፤ ድምፁ ያለ ሽቦ ግንኙነት በማግኔት ይሻገራል። እንደ አዳፕተርሽ ማለት ነው። ርካሾቹ ቤዝ ትንሽ ይቀንሳሉ፤ ለአንቺ ከብርድ ልብሱ በኋላ ቅር የሚልሽ አይመስለኝም።

ፈጣን መልስ፦

አዲስ ብትገዢ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ባለቴፗ፦

አንተ ደግሞ 🙂 ሳጥኑን አገኘሁ፣ ገባ፣ ፉጨቱ የለም። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ዳሽቦርዱም ቴፑም። ቀጣዩ ጥያቄዬ የአንድ ቁልፍ አምፖል ስለ መቀየር ነው፣ የ«ወደ ኋላ» ቁልፍ አይበራም። በሌላ ርዕስ እከፍተዋለሁ።