የጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ፦ የሚጥል ህመም መድኃኒትና መዝገብ (አስተያየት እስከ ዓርብ)

ጸሐፊ፦
የማኅበራችን ረቂቅ ከላይ ተለጥፏል። በስብሰባው የተስማማንበት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም። በአራት ጤና ጣቢያዎች ለእያንዳንዱ ታካሚ መዝገብ ይከፈታል። በወር ስንቴ እንደጣለው፣ መድኃኒት ያጣባቸው ቀናት፣ ያጣበት ምክንያት ይሞላል። በዓመቱ መጨረሻ ከነርቭ ሐኪሞቹ ጋር ተቀምጠን መድኃኒቱ የሚቋረጠው የት ጋ እንደሆነ በማስረጃ እናሳያለን። ለጋሾቹ የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ነው። ካለፈ ለሌላ ይሰጡታል፣ እንደ አምናው።

ሲስተር፦
መድኃኒት ሳይኖረኝ መዝገብ ከፍቼ ሰው ፊት ምን ብዬ ልቁም? የመጠባበቂያ መድኃኒት ይግባበት። ፊኖባርብ (ፊኖባርቢታል፣ የሚጥል ህመም መድኃኒቱ) ድንገት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። ከበፊቱ የባሰ ይጥላል፣ አንዳንዱን ያለ ፋታ እየደጋገመ። ክረምት ላይ መድኃኒት ሲዘገይብን አንዲት እናት እንክብሏን በቢላ ለሁለት እየከፈለች ለልጇ ትሰጥ ነበር። ፍርፋሪውን ሳይቀር በመሐረብ ቋጥራ ይዛ መጣች። እሱም እንዳይባክን ብላ ነው።

ፋርማሲስት፦
ሲስተር ልክ ነሽ፣ ግን ማኅበሩ ገዝቶ ቢሮ ማስቀመጥ አይችልም። ፊኖባርቢታል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው። ግዢው በጤና ጣቢያዎቹ በኩል ይሁንና እኛ ትንበያውን እናግዝ። ስንት ታካሚ እንዳለ ስለማይታወቅ ነው ሁልጊዜ አሳንሰው የሚጠይቁት። ዋጋው ከባድ ሆኖ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአንድ ሰው የዓመት ሕክምና በ5 ዶላር ሊሸፈን ይችላል ይላል። መዝገቡ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሬዚደንቱ፦
የጥናቱን ክፍል እኔ እጽፋለሁ። መነሻው የቡታጅራው ጥናት ይሁን። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ቤት ለቤት አስፈትሸው 316 ታካሚዎች አገኙ። ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው። ከነዚያ ውስጥ የታወቀ የሚጥል ህመም መድኃኒት አግኝቶ የሚያውቀው 1.6 በመቶው ብቻ ነበር። አብዛኛው ጸበልና የባህል መድኃኒት ላይ ነበር። ፊኖባርቢታል ደግሞ ለዚህ ህመም መዋል የጀመረው በፈረንጆቹ 1912 ነው። በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታካሚዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። የኛ ጥያቄ መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም አይደለም። ለምን አይደርስም ነው።

የማስተርስ ተማሪ፦
የመዝገቡን ቅጽ እኔ ላዘጋጀው፣ ዳታውንም እኔ አስገባለሁ። እስከ ረቡዕ ይደርሳችኋል።

ገንዘብ ያዥ፦
በጀቱን አየሁት። 300 ቲሸርት ይላል። የአምናው ገና ተከፋፍሎ አላለቀም፣ መጋዘን ነው ያለው። ደግሞ ደረቱ ላይ ያለው ሥዕል ምንድን ነው? ክብሪት ነው?

የልጁ እናት፦
አዎ ክብሪት ነው፣ ቀይ ጭረት ያለበት። ሥዕሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለየካቲቱ የእግር ጉዞ ነው። ልጄ መንገድ ላይ በወደቀ ቁጥር ሰው የሚሮጠው ክብሪት ፍለጋ ነው። ጭረው አፍንጫው ሥር ይይዙታል። የላይኛው ከንፈሩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ የህመሙ አይደለም፣ የክብሪቱ ነው። ይህን አንድ ነገር ሰው ከተወ ይበቃኛል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡ ገብቶኛል። ግን ክብሪት ደረት ላይ ለጥፎ መሄድ ያስነውራል። የማኅበሩ ስም አለበት።

የልጁ እናት፦
የሚያስነውረው ምኑ ነው?

ፋርማሲስት፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ጭረቱን አያስተውልም፣ ክብሪቱን ብቻ ነው የሚያየው። ማኅበሩም ክብሪት ይጫር ይላል ብሎ ይሄዳል።

ከዋሽንግተን፦
ጭረቱ ይወፍር። ወይም ክብሪቱ ተሰብሮ ይሳል።

ሲስተር፦
ስለ መጠባበቂያ መድኃኒቱ የጠየቅኩት አልተመለሰም።

የአዳማ ቅርንጫፍ፦
የተሰበረ ክብሪት አጫሽ ይቁም የሚል ነው የሚመስለው። የሰው አንጎል ይሳልበት።

የልጁ እናት፦
አንጎል ያለበት ቲሸርት አምና ነበር። ማን ጠየቀን? አንድ ሰው እንኳ ይህ ምንድን ነው አላለም። ክብሪቱን ግን ያየ ሁሉ ይጠይቃል። ያኔ በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱን ልቀቁለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ውሰዱት ብለን እንነግረዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ክብሪት ላለበት ቲሸርት ክፍያ አልፈርምም። ጨርሻለሁ።

የልጁ እናት፦
ልጅዎ መንገድ ላይ ወድቆ ሰው ተሰብስቦበት ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ታላቅ ወንድሜ ወንዝ ሲሻገር ጥሎት ውሃ ወሰደው። ከማኅበሩ ምሥረታ ጀምሮ ያለሁት በሱ ነው። ማን ቤት ገባ፣ ማን ቤት አልገባም ብለን እዚህ አንተሳሰብ።

ጸሐፊ፦
እባካችሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

የልጁ እናት፦
ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ይህን አላውቅም ነበር። ሥዕሉን ግን አልተውም።

ገንዘብ ያዥ፦
አሜን። እኔም ፊርማዬን አልቀይርም። ሌላ ሥዕል አምጪና እናያለን፣ ልጄ።

ከዋሽንግተን፦
ቲሸርቱ ይቆየንና አንድ ነገር ልበል። እዚህ ያለነው አባላት ለማዋጣት ዝግጁ ነን። ግን ሰው የሚታይ ነገር ይፈልጋል። መዝገብ ብለህ ገንዘብ አትሰበስብም። ለምን ኢኢጂ ማሽን ገዝተን ለአንዱ ጤና ጣቢያ አንሰጥም? ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በዓመቱ ሌላ እንጨምራለን።

ሬዚደንቱ፦
ማሽኑን ማን ሊያነበው ነው? ኢኢጂ የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይመዘግባል፣ ራሱ ግን አይተረጉመውም። የሠለጠነ ቴክኒሻንና ያንን መሥመር የሚያነብ ሐኪም ያስፈልጋል። ህመሙ እያለ ውጤቱ ደህና ሆኖ የሚወጣበት ጊዜም ብዙ ነው። አንዲት እናት ሴት ልጇን ሩቅ መንገድ አምጥታ፣ ሹሩባዋን አስፈትታ፣ ሽቦው ራሷ ላይ ተለጥፎ፣ መጨረሻ ላይ ምንም የለም ቢባሉ መድኃኒቱን ሊያስቆሟት ይችላሉ። አብዛኛው ምርመራ የሚጠናው ወድቃ ያያት ሰው በሚናገረው ነው። ለዚህ መብራት እንኳ አያስፈልግም።

ከዋሽንግተን፦
ዶክተር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እንዲህ እያልን ነው አገሪቱ ያለ ማሽን የቀረችው።

ሬዚደንቱ፦
ማሽን አይግባ አላልኩም። መድኃኒት ይቅደም ነው ያልኩት።

የአዳማ ቅርንጫፍ፦
ማሽኑ የሚመጣ ከሆነ አዳማ ይሁን። ቦታ አለን።

ሲስተር፦
እኔ ጋ ያሉት ታካሚዎች አዳማ ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ ያስፈልጋቸዋል።

ፋርማሲስት፦
ሌላም ነገር ወደ መዝገቡ ይግባ። የትኛው መድኃኒት እንደታዘዘ ይጻፍ። ለመውለድ ዕድሜ የደረሱ ሴቶች ቫልፕሮቴት እየወሰዱ ከሆነ ማወቅ አለብን፣ ለጽንስ አደገኛ ነው። ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ ይበቃዋል። ቅጹ የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦
ቅጹን ያልከው ልጅ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው።

ጸሐፊ፦
ደወልኩለት፣ አያነሳም። የሚያውቀው ሰው ካለ ይንገረው።

የልጁ እናት፦
አዲስ ሥዕል አምጥቻለሁ። ሁለት እጆች አንድን ሰው በጎኑ ሲያስተኙ። ክብሪቱ ከጀርባ በኩል ነው፣ ትንሽ፣ ጭረቱ ወፍራም። ጋሼ ይዩት።

ገንዘብ ያዥ፦
ከፊት ያለው ጥሩ ነው። ከጀርባ ያለውን እንነጋገርበታለን። ቀለሙ ሐምራዊ ከሆነ አንዴ ሲታጠብ እንደማይለቅ አረጋግጡ፣ የአምናው ነጥቶ ቀርቷል። ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣልኝ።

ከዋሽንግተን፦
ጀርባው ላይ የእኛ ቅርንጫፍ ስም እንዲገባ ተስማምተን ነበር።

የልጁ እናት፦
ጀርባው ላይ ክብሪቱ አለ።

ከዋሽንግተን፦
ከክብሪቱ ሥር ይሁን።

ጸሐፊ፦
ዓርብ ጠዋት ነው። እስካሁን በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን አስተካክያለሁ። ርዕሱ «የሚጥል ህመም ግንዛቤ ማስጨበጫ የእግር ጉዞና የኢኢጂ አገልግሎት ማስፋፊያ» ሆኗል። የዋሽንግተን አባላት ግማሹን እንሸፍናለን ስላሉ ማሽኑን ማስቀረት አልቻልኩም። የዶክተር ጽሑፍ መግቢያው ላይ እንዳለ ነው። መዝገቡ አባሪ 2 ላይ አለ፣ ከአራት ጤና ጣቢያ ወደ አንድ ወርዷል፣ የሲስተር ጋ ነው። የመጠባበቂያ መድኃኒቱ «ከሚመለከታቸው ጋር በመነጋገር» የሚል ገብቶለታል። በጀት ግን አልተያዘለትም።

ሬዚደንቱ፦
የቡታጅራውን ቁጥር ከእግር ጉዞ ፕሮፖዛል መግቢያ ላይ ምን ሊያደርግ አስቀመጣችሁት? 1.6 በመቶ የሚለው መድኃኒት ስለማግኘት ነው። ወይ መዝገቡን ወደ ፊት አምጡት፣ ወይ ስሜን አውጡት።

ጸሐፊ፦
ዶክተር፣ አሁን ካወጣሁት ገጹ ባዶ ነው። በሁለተኛው ዙር መዝገቡ ፊት ይመጣል፣ ቃሌ ነው። እስከ 11 ሰዓት ካልደረሰ ሁሉም ይቀራል።

ሬዚደንቱ፦
ቃልህን እዚሁ ጽፈኸዋል። ይሁን፣ ላከው።

ሲስተር፦
አባሪ 2 ላይ ቅጹ ተያይዟል ይላል። ከፍቼ አየሁት፣ የለም። ሰኞ ታካሚዎቼ ይመጣሉ። የትኛውን ነው የምሞላው?

ፋርማሲስት፦
ልጁ እስካሁን አልመለሰም። ረድፎቹን እዚሁ ልጻፍልሽ፣ በደብተር አሥምሪው። የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ በወሩ ስንቴ ጣለው፣ ያለ መድኃኒት ያለፉ ቀናት፣ ምክንያቱ። ስም አትጻፊ።

ሲስተር፦
እሺ። የእርግዝናው ረድፍ?

ፋርማሲስት፦
አዎ እሱም፣ ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ፕሮፎርማ ደርሶኛል። ሦስተኛው ይቀራል። የቲሸርቱን መጠን ያልላካችሁ ቅርንጫፎች ዛሬ ላኩ።