ባቡር ሳይገባ በዴንቨር፦ ወርቅ የት ይመንዘር፣ ዱቄት ከየት ይገዛ፣ ቤት በምን ይሠራ?

ጥያቄ

ከ1859 እስከ 1870 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ባለችው ዴንቨር ውስጥ ኖራችሁ ቢሆን የትኛውን አገልግሎት ትመርጡ ነበር? ገንዘቡን፣ ጭነቱን፣ እህሉን፣ ቤቱን፣ ደብዳቤውን እያነጻጸራችሁ ጠቁሙን። የጀብዱ ታሪክ ሞልቷል፤ የምንፈልገው የገበያውን ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁኑልን።

መልስ

ከገንዘቡ እንነሣ። ወርቁ የተገኘው በ1858 በጋ፣ ቼሪ ክሪክ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ በሚገናኝበት አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኦራሪያና ዴንቨር ሲቲ ቼሪ ክሪክን መሀል አድርገው ፊት ለፊት ተቆረቆሩ፤ በ1860 ሚያዝያ አንድ ከተማ ሆኑ። ሳንቲም ብርቅ ስለነበር የሚከፈለው በወርቅ ብናኝ ነው። ባለሱቁ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ከከረጢቱ የሚያነሣው አንድ ቁንጥር 25 ሴንት ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ሒሳቡን እንየው። ንጹሕ ወርቅ በትሮይ አውንስ፣ ማለትም በ31.1 ግራም፣ 20.67 ዶላር ነበር። ከ1,000 እጅ 800ው ንጹሕ የሆነ ብናኝ እንግዲህ 16 ዶላር ተኩል ያወጣል። የ25 ሴንት ቁንጥር ግማሽ ግራም አይሞላም ማለት ነው። ጣቱ ሰፋ ያለ ባለሱቅ ሳይሰርቅም በየግብይቱ ያተርፋል። ስለዚህ ቁንጥር ለአንድ ዳቦ ወይም ለአንድ መለኪያ አረቄ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ነገር ሁሉ ሚዛን ይሻላል። ሚዛኑ ሲመጣም ሳህኖቹ ባዶአቸውን እኩል መቆማቸውን ማየት፣ የፈሰሰ ብናኝ የሚይዝ ጨርቅ ከሥር መነጠፉን፣ ጨርቁም ሲራገፍ ወደ ማን ከረጢት እንደሚራገፍ ማየት ነው።

ብናኝ ተቀባይም ይታለላል። ከወርቁ ጋር የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ብረትነት ስላለው ማግኔት ይስበዋል። ማግኔቱን በወረቀት ጠቅልሎ በደረቀው ብናኝ ላይ ማሳለፍ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሲያወልቁት አሸዋው ይራገፋል። የናስ ፍቅፋቂ ከተቀላቀለበት አንድ ጠብታ ናይትሪክ አሲድ ያጋልጠዋል፤ ናሱ አረንጓዴ ሆኖ ያረፋል፣ ወርቁ ምንም አይሆንም። ይበልጥ የሚያስቸግረው በሜርኩሪ ተይዞ የተነጠረው ወርቅ ነው። በደንብ ካልተቃጠለ ሜርኩሪው ውስጡ ይቀርና ያከብደዋል፤ ገዢው ለሜርኩሪ የወርቅ ዋጋ ይከፍላል። መልኩ ነጣ ካለ ዋጋውን መቀነስ ነው።

መልስ

ስለ ቁንጥሩ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ከ1860 ሐምሌ ወዲህ የተሻለ ምርጫ ነበረ። ክላርክ፣ ግሩበር ኩባንያ ዛሬ 16ኛ ጎዳናና ማርኬት ጎዳና በሚገናኙበት ቦታ ባለሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ሠርቶ የራሱን የወርቅ ሳንቲም መምታት ጀመረ። ይህ ያኔ በሕግ አልተከለከለም። የመጀመሪያዎቹ የ10 እና የ20 ዶላር ሳንቲሞች ላይ የፓይክስ ፒክ ተራራ ተቀርጿል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በ1860 የተመቱት ማጠንከሪያ ስላልገባባቸው ለስላሳ ናቸው፤ ኪስ ውስጥ እየተፋተጉ ቅርጻቸው ይጠፋል፣ ክብደታቸውም ይጎድላል። በ1861 ድርጅቱ ሌላ ማዕድን ቀላቅሎ አጠነከራቸው፤ እንዲያም ሆኖ ወርቃቸው ከመንግሥቱ ሳንቲም 1 በመቶ ይበልጥ ነበር። ለማስቀመጥ የ1860ው፣ ለመገበያየት የ1861ው። በ1863 መንግሥት ድርጅቱን በ25,000 ዶላር ገዛው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ወርቅ የሚፈተሽበት ሆነ እንጂ ሳንቲም አልተመታበትም። ዴንቨር ላይ የመንግሥት ሳንቲም መመታት የጀመረው በ1906 ነው።

መልስ

ጭነት ላይ ምርጫው በሬ ወይስ በቅሎ ነው። ሸቀጡ ከሚነሣበት፣ በምሥራቅ ካለው ከሚዙሪ ወንዝ እስከ ዴንቨር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ አለ። ትልቁ ጋሪ ከ23 እስከ 27 ኩንታል ይጭናል፤ የሚጎትተው 6 ጥማድ በሬ ነው። በሬ በቀን ከ19 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሁሉም ቢቀና ሰባት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በቅሎ ትፈጥናለች፤ ግን እህል ካልበላች አትዘልቅም፣ ቀለቧም የሸቀጡን ቦታ ይሻማል። በሬ ሣሩን እየጋጠ ይደርሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ለዱቄት፣ ለጨው፣ ለሚስማር በሬ፤ ሳይበላሽ ቶሎ መድረስ ላለበት ነገር በቅሎ። ሰኮናው የተሳሳ በሬ ብረት ይመታለታል፤ ሰኮናው ስንጥቅ ስለሆነ ለአንድ እግር ሁለት፣ ለአንድ በሬ ስምንት ቁራጭ ብረት ይፈለጋል። ሣር ሳይበቅል በሚያዝያ መጀመሪያ የተነሣ ጭነት በሬዎቹን በረኃብ ይጨርሳል።

አብዛኛው ብልሽት መንኮራኩሩ ላይ ነው። ጋሪው የተሠራው እርጥበት ባለበት አገር ነው፤ ሜዳው ላይ ደረቅ አየር እንጨቱን ሲያኮማትረው ዙሪያውን የያዘው የብረት ቀለበት ይላላል፣ ሲብስም ይወልቃል። መንኮራኩሩን ወንዝ ውስጥ ማሳደር ወይም በብረቱና በእንጨቱ መሀል ሽብልቅ መምታት ለጥቂት ቀን ያቆያል። ዋናው መፍትሔ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ነው፤ ቀለበቱን ቆርጦ ያሳጥርና መልሶ ይገጥመዋል፣ በእሳት አግሎ ያጠልቀዋል፣ ውኃ ሲቸልስበት ብረቱ ተኮማትሮ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ቅጥራንና ሞራ የተቀላቀለበት ባልዲ ከኋላው ዘንግ ሥር ካልተንጠለጠለ ግን ያን ጋሪ ባይከራዩት ይሻላል። ያልተቀባ ዘንግ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ይግላል፣ በመጨረሻ ይሰበራል።

መንገዱ የፕላት ወንዝን ተከትሎ የሚሄደው ይሁን። ይረዝማል፤ ውኃና ሣር ግን አይጠፋበትም። የስሞኪ ሂል ወንዝ መንገድ በካርታ ሲታይ አጭር ነው፤ ወንዙ ካለቀ በኋላ ግን እስከ ዴንቨር ድረስ ደረቅ ሜዳ ነው። በ1859 ጸደይ በዚያ ከሄዱት በረኃብ ያለቁ አሉ።

መልስ

ማረሚያ፦ ፕላትም ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። ከተማው የተቆረቆረው በ1851ዱ የፎርት ላራሚ ውል የአገሩ ነባር የሆኑት የሻያንና የአራፓሆ ሕዝቦች መሬት ተብሎ በታወቀ ቦታ ላይ ነው። በ1864 በጋ ከእነዚህ ሕዝቦች ጋር የተነሣው ግጭት መንገዱን ሲዘጋው ለዴንቨር የተላከ ደብዳቤ በባሕር በፓናማ ዞሮ በሳን ፍራንሲስኮ በኩል ይመጣ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 29 የኮሎራዶ ወታደሮች ሳንድ ክሪክ ላይ ሰፍረው የነበሩትን ሻያኖችና አራፓሆዎች ጨፈጨፉ፤ ከሞቱት የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነበሩ። ስለ ዴንቨር ሱቆች ሲወራ ይህ መዘለል የለበትም፤ ሱቆቹ የቆሙት በእነሱ መሬት ላይ ነው።

መልስ

ዱቄት ሁለት ዓይነት ነበር። ከሚዙሪ የሚመጣው ተነፍቶ የነጣ ነው፤ ሜዳው በበረዶ ሲዘጋ ግን ይቋረጣል። ከደቡብ፣ ከኒው ሜክሲኮ፣ ከታኦስ አካባቢ የሚመጣው ያልተነፋ ነው፤ ክረምቱን ግን ያሻግራል። ያልተነፋ ዱቄት በስንዴው ቅባት ምክንያት ቶሎ ይሸታልና በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ያዋጣል። በጋ ላይ የሚዙሪውን፣ ከኅዳር በኋላ የታኦሱን።

ከምሥራቅ የመጡትን ያስቸገረ ሌላም ነገር ነበር። ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቦሎቄ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክም ጠጣር ሆኖ ይቀራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ሽምብራ የቀቀለ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። ዳቦም እንዲሁ ነው፤ የለመዱትን ያህል ሶዳ ከጨመሩበት ተነፍቶ መልሶ ይሰምጣል፤ መጠኑን መቀነስ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚበላ ለፈለገ የበርኒ ፎርድን ምግብ ቤት እጠቁማለሁ። ፎርድ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። የነበረው ፀጉር ቤት በ1863ቱ እሳት ተቃጠለበት፤ ከባለባንኩ ከሉተር ኩንትዝ 9,000 ዶላር ተበድሮ በዚያው በጋ ብሌክ ጎዳና ላይ በጡብ የተሠራ ምግብ ቤት ከፈተ። ሕንፃው ዛሬም ብሌክ ጎዳና ቁጥር 1514 ላይ ቆሟል።

መልስ

ቤት ላይ ጡብ፣ ያለ ክርክር። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከወንዝ ዳር በተቆረጠ ግንድ የተሠሩ፣ ጣራቸው አፈር፣ ወለላቸውም አፈር ነበር፤ የወንዝ ዳር እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ክፍተቱን የደፈነው ጭቃም ይረግፋል። የጥድ ጣውላ ይሻላል፤ ግን ይነድዳል። በ1863 ሚያዝያ 19 ሌሊት ነፋስ የያዘው እሳት የንግዱን መሀል በላው፤ ከተማውም በዚያ ቦታ ከእንግዲህ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሠራ ብሎ ደነገገ። ለጡብ የሚሆን ሸክላ አፈር ከተማው ዙሪያ ስለሞላ፣ ከሚዙሪ መጫን ከሌለባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

ቦታውን ግን ከጡቡም በላይ ማየት ይገባል። ቼሪ ክሪክ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለነበር የወንዙ አልጋ ውስጥ ቤት የሠሩ ነበሩ። ሮኪ ማውንቴን ኒውስ ጋዜጣ ማተሚያ ቤቱን ሳይቀር እዚያው በምሰሶ ላይ አቁሞ ነበር። በ1864 ግንቦት 19 ለ20 አጥቢያ ጎርፉ ከነማተሚያው ወሰደው፤ ማዘጋጃ ቤቱንም ጨምሮ። መሬቱ የቱንም ያህል ቢረክስ አልጋው ውስጥ አይገዛም።

መልስ

ደብዳቤና ውኃን በአጭሩ። በ1859 የሌቨንወርዝና ፓይክስ ፒክ ኤክስፕረስ ሰረገላ ለአንድ ደብዳቤ ከመንግሥቱ የ3 ሴንት የፖስታ ክፍያ ሌላ 25 ሴንት ያስከፍል ነበር። ውድ ነው፤ ግን በበሬ ጋሪ ከሚላክ ይሻላል። ለአስቸኳይ የንግድ ጉዳይ ከ1863 ወዲህ ቴሌግራፍ ገብቷል።

ከጉድጓድ የሚቀዳ ውኃ ከበረት ርቆ ይሁን። በ1867 የተጠናቀቀው ሲቲ ዲች የሚባለው ቦይ ለዛፍና ለጓሮ አትክልት ነው፤ ለመጠጥ አይሆንም። በቧንቧ የሚመጣ ውኃ የጀመረው በ1872 ነው።

መልስ

ከባድ ዕቃ፣ ምድጃም ሆነ የመስኮት መስታወት ወይም ማሽን፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው 1870ን መጠበቁ ያዋጣው ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ ከሻየን ከተማ የመጣው የዴንቨር ፓሲፊክ ባቡር ገባ፤ ነሐሴ ላይ የካንሳስ ፓሲፊክ ተከተለ። ሰባት ሳምንት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት ሆነ። ቆጠራው ራሱ ይናገራል፦ በ1860 4,749 ሰው፣ በ1870 4,759፣ በ1880 35,629።

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ለሚፈልጉ ኦሮራና ዴንቨር ላሉ ወገኖች፦ ሲቲ ዲች የተባለው ቦይ ዋሽንግተን ፓርክ ውስጥ ዛሬም ይታያል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ1859 የተሠራው ፎር ማይል ሀውስ ነው፤ በከተማው ካሉት ቤቶች ሁሉ የቆየው እሱ ነው፣ የሰረገላ ማረፊያም ነበር። በ1883 የተጨመረውን የጡቡን ክፍል ከግንዱ ቤት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፤ በሁለቱ መሀል ባቡሩ ገብቷል።