ሞተሩ «የታወቀ ችግር» አለበት፣ ዋስትናው ግን አይሸፍንህም ተባልኩ

የናሆም አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

በ2021 ያገለገለ ሴዳን ገዛሁ። ሞዴሉ 2016 ነው፣ ሞተሩ 2.4 ሊትር። ስገዛው 71,000 ማይል ሄዷል። የፋብሪካውንም የዲለሩንም ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። በሳምንቱ ቀናት ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ በዚሁ መኪና ኡበር እነዳለሁ።

ዓምና ከፋብሪካው ደብዳቤ መጣልኝ። በዚህ ሞተር ላይ ብሮንዚናው (የሞተሩ የውስጥ ስስ ብረት) ያለጊዜው ሊበላ ይችላል፣ ስለዚህ የሞተሩን ዋስትና እስከ 150,000 ማይል አራዝመናል ይላል። አንድ ሶፍትዌር አስጭን ይላል። በሳምንቱ ወስጄ አስጫንኩ። ደብዳቤውን ከታይትሉ (ከመኪናው የባለቤትነት ወረቀት) ጋር አንድ ላይ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ወር ባለቤቴን የሌሊት ሥራ ላደርስ ስሄድ፣ ቤልትዌይ ላይ፣ የጆርጂያ አቬኑ መውጫ ጋ ሳልደርስ ከሞተሩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ጀመረ። የቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ነዳጅ ብረግጥም መኪናው ጉልበት የለውም። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴ በሌላ መኪና ሄደች፣ እኔ ተጎታች ስጠብቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ አመሸሁ። መጎተቻው 185 ዶላር። የማይል ቆጣሪው 118,400 ላይ ነበር።

በማግስቱ ደብዳቤዬን ይዤ ዲለሩ ጋ ሄድኩ። ከአራት ቀን በኋላ ደወሉልኝ። «ዘይቱ ጭቃ ሆኗል፣ በጊዜው አልተቀየረም፣ ዋስትናው አይሸፍንህም» አሉኝ። አዲስ ሞተር 7,800 ዶላር። ያንን ገንዘብ ከየት አመጣለሁ?

ያመመኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዘይቱን በየ5,000 ማይሉ እኔው ነኝ የምቀይረው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ዘይትና ውሃ ሳያይ ሞተር አስነስቶ አያውቅም። እኔም ከሱ ነው የተማርኩት። ኮሜዲናው ውስጥ ደብተር አለኝ። ቀኑን፣ ማይሉን፣ የዘይቱን ዓይነት ጽፌበታለሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ። የጻፍኩት ግን በአማርኛ ነው፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ነው። ሰውየው ገልጦ አየው፣ «ይሄ ማስረጃ አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ። ደረሰኞቹን ደግሞ አብዛኞቹን ጥያቸዋለሁ።

ምን ላድርግ? ዘይቱን ራሴ በመቀየሬ ዋስትናዬ ቀረ ማለት ነው? ጠበቃስ ያስፈልገኛል?

ፀሐይ፣ ዴንቨር

አይዞህ ወንድሜ። እኔ በሌላ መኪና ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። በስልክ የተነገረህን «አይሆንም» እንደ መጨረሻ መልስ አትቁጠረው። ተመልሰህ ሂድና «የከለከላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ፣ ማን እንደወሰነም ጻፉልኝ» በላቸው። እኔ ይህን ስጠይቅ የሚጽፍልኝ ሰው ጠፋ። ከሦስት ቀን በኋላ ደውለው «እንደገና እንየው» አሉ። ከማን ጋር እንዳወራህ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳለህ በዚያው ደብተርህ ጻፍ።

መካኒኩ፣ አሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ያ ደብተር ወርቅ ነው። እንዳትጥለው።

ሙያውን የተማርኩት መርካቶ ነው። እዚህ አገር ስሠራ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ቋ ቋ የሚለውን ድምፅ በደንብ አውቀዋለሁ። ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስስ ብረት ብሮንዚናው ነው። ብሮንዚናው የሚኖረው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይት ካጠረው ብረት ብረትን ይበላል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ቢዬላው መምታት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ መንዳት አይቻልም። ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ሊበሳው ይችላል፤ ዘይቱ ትኩስ ብረት ላይ ከፈሰሰ ደግሞ እሳት አለ። ዳር ይዘህ መቆምህ ትክክል ነው።

ያንተ መኪና የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልጠይቅህም። ግን በሰፊው የታወቀውን የቴታ ሁለትን፣ የሃዩንዳይና የኪያን ሞተር ታሪክ ልንገርህ፣ ይጠቅምሃል። ሃዩንዳይ በመስከረም 2015 ወደ 470,000 የሚጠጉ የ2011ና የ2012 ሶናታዎችን ለጥገና መልሶ ጠራ፤ ሪኮል የሚባለው ይህ ነው። ምክንያት ተብሎ የተነገረው፣ ክራንክ ሻፍቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲቆረጥ የቀረ የብረት ብናኝ የዘይቱን መንገድ ስለሚዘጋ ነው። በ2017 ሃዩንዳይና ኪያ ሌሎች ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጨመሩ። በ2020 ከመንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት የሁለቱ ቅጣት ተደምሮ 210 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ነገሩን ለአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ያጋለጠው ኪም ጓንግ ሆ የሚባል የሃዩንዳይ መሐንዲስ ነበር። በ2021 ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸለመ። ባለቤቶቹ በፍርድ ቤት ስምምነት በሞተሩ የውስጥ አካል ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና አገኙ፣ ያገለገለ የገዙትም ጭምር። ግን ብሮንዚናው ሲበላ ንዝረቱን የሚሰማውን ሶፍትዌር ማስጫን ግዴታ ነበር። አንተ ሶፍትዌር አስጭን የተባልከውን በሳምንቱ ማስጫንህ ስለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሆነው። የሥራ ወረቀቱን ፈልግ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ዘይት ራስህ መቀየርህ ዋስትና አያስቀርም። ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ፋብሪካው «እኛ ጋ ካልቀየርክ ዋስትና የለህም» ማለት አይችልም፣ አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጠህ በቀር። በደንብ ለመያዝህ ማስረጃ ግን ሊጠይቅህ ይችላል። ስለዚህ ያለህን ሰብስብ። የባንክ ስቴትመንትህን አውርድ። ዘይቱን የምትገዛበት መደብር ስልክ ቁጥርህን የሚያስመዘግብ ከሆነ የገዛኸውን ሁሉ መልሰው ያወጡልሃል። ከዚያ ደብተርህን ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይረው፣ እያንዳንዱን ቀን ከግዢው ጎን አስቀምጠው።

ሁለተኛ፣ የደረሰህ ደብዳቤ ምን ዓይነት እንደሆነ ለይ። የቪን ቁጥርህን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) በትራፊክ ደህንነቱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አስገባው። ሪኮል ከሆነ የደህንነት ጉዳይ ነውና በሕግ በነፃ መጠገን አለባቸው፣ መኪናው ከ15 ዓመት ካልበለጠ። ዋስትና ማራዘሚያ ከሆነ የፋብሪካው ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። እያንዳንዱን መስመር አንብብ። እዚያው ድረ ገጽ ላይ ፋብሪካው ለዲለሮቹ የላካቸው ማስታወቂያዎችም ይገኛሉ፤ የሞዴልህን ፈልግ። አቤቱታም አስገባ። መሥሪያ ቤቱ ያንተን መኪና አይጠግንልህም፤ ግን ምርመራ የሚጀመረው እንዲህ ከተጠራቀመ አቤቱታ ነው።

ሦስተኛ፣ ከዲለሩ ጋር ብቻ አትከራከር። ዋስትናውን የሰጠህ ፋብሪካው ነው። የደንበኞች ክፍላቸው ጋ ደውለህ የጉዳይ ቁጥር አስከፍት።

አሮጌውን ሞተር እንዳይጥሉት ደግሞ በጽሑፍ ንገራቸው። ዘይቱን በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው ይስጡህ። ፎቶ አንሳ። «ጭቃ» ያሉትን በዓይንህ አሳዩኝ በል። ጭቃ ከሆነ የቫልቭ ክዳኑ ሲከፈት ጥቁር ሆኖ ተለጥፎ ይታያል። የብረት ብናኝ ሌላ ነው፤ ዘይቱ ፀሐይ ላይ ሲታይ ያብለጨልጫል።

ከቦሌ

እዚህ አዲስ አበባም ከአሜሪካ የመጡ እንደነዚህ ያሉ መኪኖች አሉ። ባለቤቶቹ ሪኮል እንደነበረባቸው እንኳ አያውቁም። ወንድሜ ሊገዛ ሲል የቪን ቁጥሩን ከዚህ ሆነን አየነው፣ ያልተሠራ የሞተር ሪኮል ወጣበት። ተወው። የአሜሪካ መኪና የምትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት እዩት።

የናሆም አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ መካኒኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ፀሐይም አመሰግናለሁ።

ትናንት ሌሊቱን ከልጄ ጋር ተቀምጠን ደብተሩን ገለበጥነው። እኔ «ሰኔ 3፣ 2015» እላለሁ፣ ናሆም በስልኩ ቀይሮ «ጁን 10፣ 2023» ይላል። ስቴትመንቱን እናያለን፤ በዋዜማው ዘይትና ፊልትሮ የገዛሁበት አለ። «ታኅሣሥ 12፣ 2016» ስል «ዲሴምበር 22» አለኝ፣ እሱም ተገኘ። ከዘጠኙ ስምንቱ ገጠሙ። አንዱን ዘይት ወንድሜ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ነው ያመጣልኝ፣ እሱን ማሳየት አልቻልኩም። ልጄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። የግዕዝ ቁጥር አያውቅም ነበር፤ አራቱን መስመር የጻፍኩት በግዕዝ ቁጥር ስለነበር ተማረ።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። ኡበር መንዳቴን ልንገራቸው?

መካኒኩ፣ አሌክሳንድሪያ

ከጠየቁህ እውነቱን ተናገር። አትዋሽ፤ ኡበር የራሱ መዝገብ አለው። መጀመሪያ ግን ወረቀቱን አንብብ። አንዳንዱ ዋስትና ለንግድ የሚሠራ መኪናን ያስቀራል፣ አንዳንዱ ጊዜውን ያሳጥራል፣ አንዳንዱ ምንም አይልም። ወረቀቱ የማይለውን እነሱ በቃል ቢጨምሩ «የትኛው መስመር ላይ ነው?» በላቸው።

ያንን አንዷን የጎደለች ዘይት ደግሞ አትሸፍናት። ወንድምህ የገዛውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርምልህ።

ጠበቃ አሁን አትያዝ። ሜሪላንድ ስለሆንክ የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል አለው፤ በነፃ ያስታርቃል። እዚያ ጻፍ። ትንሹ የክስ ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ዶላር ነው፤ ያንተ ሞተር ከዚያ በላይ ስለሆነ እሱን ወደ ኋላ አቆየው።

የናሆም አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ስላልጠፋሁባችሁ እንዳትሰለቹኝ።

ደብዳቤውን፣ የሶፍትዌሩን ወረቀት፣ የተተረጎመውን ደብተር ከነዋናው ፎቶ፣ ስምንቱን ግዢ፣ የወንድሜን ፊርማ አሥራ ሰባት ገጽ አድርጌ ለፋብሪካው ላክሁ። ለዐቃቤ ሕጉ ቢሮም ቅጂ። የዋስትና ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩት፤ ለንግድ ስለሚሠራ መኪና የሚል አንድም መስመር የለውም። ሲጠይቁኝ ግን ኡበር እንደምነዳ ነገርኳቸው።

ፋብሪካው ሌላ ሰው ልኮ ሞተሩን እንደገና አስከፈተው። ቆሜ አየሁ። ክዳኑ ውስጥ ጭቃ የለም። ሦስተኛው ብሮንዚና እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ ዘይቱ ያብለጨልጫል። ሰውየው ብዙ አላወራም፤ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳ። በአምስተኛው ቀን «ሞተሩን እንተካለን» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። የመጎተቻውን 185 ዶላር ሊመልሱልኝ ተስማምተዋል። ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩባቸውን ቅዳሜና እሁዶች ግን አይከፍሉም። ልክ አይደለም ብዬ ጽፌላቸዋለሁ።

አሁን የምጠይቀው፣ ሞተሩ ሲመጣ ከመረከቤ በፊት ምን ልይ?

መካኒኩ፣ አሌክሳንድሪያ

እሰይ! ስለናሆምም ደስ ብሎኛል።

ሞተሩ አዲስ ይሁን እንደገና የተሠራ በወረቀት ይጻፍልህ። የሞተሩ ዋስትና ከየትኛው ቀንና ማይል እንደሚጀምርም ይጻፍ። ሶፍትዌሩ በአዲሱም ላይ መሥራቱን ጠይቅ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ሂድ፣ ራስህ አስነሳው፣ ሬዲዮ ዘግተህ አዳምጥ። የመጀመሪያውን ዘይት በ1,000 ማይል ቀይረው። ደረሰኙን ያዝ። በደብተሩም ጻፍ፣ በአማርኛ።