የአርቪ ፓርካችን መብራት አልችል አለ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች። በቅርቡ ለተንቀሳቃሽ ቤት መኪኖች ማረፊያ የሚሆን አነስተኛ አርቪ ፓርክ ከፍተናል። እንግዶቹ ቦታውን ወደውታል፤ ያስቸገረን መብራቱ ነው። ሙቀቱ ሲከር ሁሉም ኤሲውን ይከፍታል። ያኔ በመጨረሻው ረድፍ ባሉት ባለ 30 አምፔር ሶኬቶች ላይ ቮልቴጁ ከ120 ወደ 105 ያሽቆለቁላል። ኤሲው ያቃስታል፣ መሰኪያው ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ ከመኪናዋ ወጥታ ዛፍ ጥላ ስር ስትቀመጥ አይቼ አንጀቴ ተላወሰ። ኤሌክትሪሺያኑ «ገመዱ ለርቀቱ ቀጭን ነው» ይላል። ለመቀየር መሬቱ እንደገና መቆፈር አለበት፤ አቅማችን ለጊዜው አይፈቅድም። እስከዚያው ሩቆቹን ቦታዎች ልዝጋ ወይስ ኤሲ ለማይጠቀሙ ብቻ ልስጥ? በወር ለሚከራዩትስ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢገባ ፍጆታው ይቀንሳል? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።