ለቪዲዮ ቅንብር የሚሆን ላፕቶፕ ስመርጥ ምን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በካሜራዬ የምቀርጻቸውን ቪዲዮዎች የማቀናብርበት ላፕቶፕ ልገዛ አስቤአለሁ። አብዛኛው ሥራዬ በ1920 በ1080 ፒክስል ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ፎርኬም ይገጥመኛል። ገንዘቤን በፕሮሰሰሩ፣ በራሙ ወይስ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ባውለው ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ፦ ራሙ ከ16 ጊጋባይት አይነስ፤ ፎርኬ በፒክስል ብዛት የሙሉ ኤችዲ (የ1920 በ1080) 4 እጥፍ ስለሆነ፣ እሱ ከበዛብዎት 32 ይውሰዱ። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ በኋላ መጨመር አይቻልም። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን።

ሁለተኛ መልስ፦ ከዚያ በፊት ካሜራዎ ቪዲዮውን በምን ኮዴክ (ቪዲዮን አሳንሶ የማስቀመጫ ዘዴ) እንደሚያስቀምጥ ቢነግሩን መልካም ነው። ኤች 264 እና ኤች 265 የተባሉት ኮዴኮች ፋይሉን የሚያሳንሱት አብዛኛውን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ሙሉ በሙሉ ሳይመዘግቡ ከሌሎቹ ፍሬሞች የሚለይበትን ብቻ በመያዝ ስለሆነ፣ በታይምላይኑ (ቪዲዮዎቹ በቅደም ተከተል በሚደረደሩበት መስመር) ላይ ወዲያና ወዲህ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ኮምፒውተሩ በርካታ ፍሬሞችን ፈትቶ ማስላት ይኖርበታል። ምስሉ እየተቆራረጠ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ኤች 265፣ 10 ቢት፣ 4፡2፡2 ይላል።

ሁለተኛ መልስ ሰጪ፦ እንግዲያው ምርጫዎ በጣም ጠበበ። 10 ቢትና 4፡2፡2 ፋይሉ ምን ያህል የቀለም ዝርዝር እንደሚይዝ የሚገልጹ ናቸው። ይህን ፋይል የኢንቴል 11ኛ ትውልድ ኮርና ከዚያ ወዲህ የወጡት ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው ባለው ግራፊክስ፣ እንዲሁም የአፕል ኤም ቺፖች በሃርድዌር (ለዚሁ በተሠራ የቺፑ ክፍል) ይፈቱታል። ከኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች ግን ይህን የጀመረው የአርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ካርዶች፣ እጅግ ውዶቹም ጭምር፣ በዚህ ረገድ አይረዱዎትም። እኔ ብሆን ለካርዱ ከማወጣው ቀንሼ ለፕሮሰሰሩ እጨምር ነበር።

ሦስተኛ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ካርድ ከገዙ በስሙ ብቻ አይመኑ። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 እንደ አምራቹ ውሳኔ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሰጠው ስለሚችል፣ ተመሳሳይ ስም የያዙ ሁለት ላፕቶፖች በፍጥነት ሊራራቁ ይችላሉ። ሻጮች ይህን ቁጥር ጎላ አድርገው አይጽፉትም፣ ጠይቁ። ቀለም የሚያስተካክሉ ከሆነም ስክሪኑ ኤስአርጂቢ የተባለውን መደበኛ የቀለም ክልል 100 በመቶ የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጡ።

አራተኛ መልስ፦ ግዢው የማያስቸኩል ከሆነ አሁን ባለዎት ኮምፒውተር ፕሮክሲ ይሞክሩ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ፋይል ቀለል ያለ ቅጂ ያዘጋጃል፤ ቅንብሩን በዚያ ሠርተው የመጨረሻውን ቪዲዮ ሲያወጡ ፕሮግራሙ በቅጂው ምትክ ዋናውን ፋይል ይጠቀማል። የሚጠይቀው ቅጂዎቹ እስኪዘጋጁ መጠበቅንና ተጨማሪ የዲስክ ቦታን ነው።