ከዊንዶውስ 10 ወዴት ልሻገር?

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር ስሆን፣ ልጆቼ የሚያጠኑበት እኔም ማመልከቻ የምጽፍበት ላፕቶፕ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ላሳድገው ብሞክርም፣ ፕሮሰሰሩ ከስምንተኛው ትውልድ በታች በመሆኑ መስፈርቱን አላሟላም። መስፈርቱን ዘለው የሚጭኑ መኖራቸውን ሰምቻለሁ፤ ሆኖም መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ባትሪው በሞተ ማሽን ላይ (ሳይሰካ አንድ ደቂቃ አይቆይም) ይህን መድፈር አስፈርቶኛል። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን፣ ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ስርዓተ ክወና ብጭንበትስ? ዋናው ጭንቀቴ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለኪያ) ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የጻፍኳቸው፣ ፎንቱ ሲጠፋ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ የሚሆኑት የዓመታት ሰነዶቼ ናቸው። እነዚህን በሊብሬኦፊስ (እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለ ነፃ ፕሮግራም) በትክክል የከፈተ ወይም ወደ ዩኒኮድ የለወጠ ካለ፣ እንዴት እንዳደረገው እንዲያስረዳኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።